ጠርሙሱ ሲለቀለቅ

ዱርሲቱ ጠርሙሱን ወንዙ ውስጥ ነክራ ሞላችው፤ ነቅነቅ አድርጋ ደፋችው። ደግማ ሞላች፣ ደግማ ደፋች። የውሃ ምርመራ ሥልጠናው ላይ የተማረችው እንዲህ ነው። ናሙና ከመወሰዱ በፊት ጠርሙሱ በዚያው በወንዙ ውሃ ሦስቴ ይለቀለቃል፤ እጣቢው ደግሞ ከቆሙበት ቦታ ዝቅ ብሎ ይደፋል። ሦስተኛውን ስትደፋ አንድ ድንጋይ አጠገቧ ወድቆ ውሃውን ፊቷ ላይ ረጨው።

ቀና ብላ አየች። ዳገቱ ላይ ሰው ሞልቷል። ከፊት የቆመው ዲኖ ነበር፣ ሰበታ ውስጥ አንድ ሰፈር አብሯት ያደገው። ከጎኑ እናቱ ፈቲያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች። የምትተዳደርባቸው ሁለት የወተት ላሞቿ ከወንዙ ጠጥተው በተመለሱ ማግስት አረፋ ደፍቀው ሞተውባታል።

«አያችሁ አይደል?» አለ ዲኖ። «እየሞላች ስትደፋው በዓይናችሁ አያችሁ!»

«ሱሚ ነው!» ብሎ ጮኸ አንድ ሽማግሌ። «መርዝ ነው!»

ኪሩቤል ውሃው መሀል እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል። አዲስ አበባ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪ ነው፤ ጓንት አጥልቋል፣ አፉን በጭንብል ሸፍኗል። ከዳገቱ ላይ ሆኖ ለሚያየው የሆነ ነገር የሚደብቅ ሰው ይመስላል።

ዩኒቨርሲቲው ከከተማው አስተዳደር ጋር የተፈራረመው ባነር በተሰቀለበት አዳራሽ፣ በጭብጨባ ነበር። የፋብሪካ ከተማ ወጣቶች ወንዛቸውን ራሳቸው ያጠናሉ ተባለ። ዱርሲቱ ተመረጠች፤ ዲኖ ተመዝግቦ ሳይመረጥ ቀረ። ከብት ለሚያጠጡት ሰዎች ግን ማንም ምንም አልነገራቸውም። እሷ አንዴ «ሰብስበን ብናስረዳቸውስ?» ብላ ነበር። ኪሩቤል «ውጤቱ ይውጣና በማስረጃ እናናግራቸዋለን» አላት። እሷም አልደገመችም።

ኪሩቤልን ሁለት ጎረምሶች ገብተው በአንገትጌው እየጎተቱ አወጡት። ጭንብሉን ዲኖ ገነጠለው።

«እስቲ ፊትህን እንየው፣ ዶክተር!»

«ወንድሜ፣ ናሙና ነው የምንወስደው...»

«ናሙና! ስትደፉ ነው ያየነው።» ዲኖ ከዱርሲቱ እጅ ጠርሙሱን ነጥቆ ከወንዙ ሞላው። «ካልመረዛችሁት ጠጣዋ!»

ኪሩቤል ጠርሙሱን አየው። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ከዱርሲቱ በቀር፣ እዚያ ካለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ምርመራ አብረው ሠርተዋል።

«ይሄ ውሃ አይጠጣም» አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን የሰማው የለም።

«አይጠጣም አለ! በአፉ አመነ!»

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አፉ ላይ። መንጋጋው ሲሰበር ዱርሲቱ ድምፁን ሰማችው፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። በጉልበቱ ሲወድቅ በእግር ጎኑን ይሉት ጀመር። ልትጋርደው ገባች፤ አንዱ ጸጉሯን ይዞ ወርውሮ ጣላት። ስትነሳ ዲኖ በሁለት እጅ የሚነሳ ድንጋይ ከኪሩቤል ራስ በላይ ይዞ አየችው።

የሚያስቆመው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገባት። የዚያኑ ያህል ደግሞ አባቷ ኦቦ ገመዳ የቆዳ ፋብሪካው ጥበቃ መሆኑን፣ ዛሬም በሩ ላይ ተረኛ መሆኑን ታውቃለች። ጠዋት ምሳውን የቋጠረችለት እሷ ናት።

«ከፋብሪካው ነው!» ብላ ጮኸች። «ላሞቹን የገደለው የቆዳ ፋብሪካው ነው! እማማ ፈቲያ፣ ይምጡ ላሳይዎት! ካልሆነ እኔንም ግደሉኝ!»

ፈቲያ ልጇን በእጇ ከልክላ ተከተለቻት። ከመታጠፊያው በላይ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ ከፋብሪካው አጥር ሥር ወፍራም ቱቦ ወጥቶ አረንጓዴ ውሃ ይተፋል። አረፋው ድንጋዩ ላይ ደርቆ ተጋግሯል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ዱርሲቱና ኪሩቤል ከቆሙበት ቦታ ይህ ራቅ ብሎ ከላይ ነው።

ፈቲያ ቁና ቁና ተነፈሰች። «ዲኖ!» ብላ ተጣራች። «ልጁን ልቀቀውና ወዲህ ና!»

ዲኖ መጣ፤ ሁሉም መጣ። ድንጋዩን ግን አልጣለውም። ቱቦውን አይቶ፣ ከዚያ አጥሩን አይቶ፣ ዞሮ ወደ ፋብሪካው በር መሮጥ ጀመረ።

«ቆዩ! ስሙኝ!» አለች ዱርሲቱ። ጩኸቷ በጩኸት ተዋጠ። በጓሮ ባለው መሸጋገሪያ እየወደቀች እየተነሳች ቀደመቻቸው።

«አባ፣ ና! ሰው እየመጣ ነው፣ ና እንሂድ!»

ኦቦ ገመዳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «በር ተረክቤ ጥዬ ልሂድ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ግቢ።»

«አባ፣ በእናትህ!»

የሰው ጎርፉ ደረሰ። ኦቦ ገመዳ አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የፊቶቹ በረገጉ፤ የኋላዎቹ ገፏቸው። ከዚያ አፈሙዙን ዝቅ ሲያደርግ ፊት ለፊቱ ያገኘው ዲኖን ነበር፣ እጁን ይዞ መስጊድ ያደረሰውን የጎረቤቱን ልጅ። «አንተ የፈቲያ ልጅ!» አለ፤ ጣቱንም ከቃታው አነሳ። ዲኖ ድንጋዩን ፊቱ ላይ ለቀቀበት።

ኦቦ ገመዳ በጀርባው ወደቀ። በላዩ ላይ በዱላ፣ በብረት፣ በጫማ ዘነቡበት። ዱርሲቱ ላዩ ላይ ተደፋች፤ እጇ ከክርኗ በታች ሲሰበር እንኳ አልተነሳችም። በሩ ተገንጥሎ ሕዝቡ ወደ ግቢው ሲፈስ ብቻ ተነፈሱ።

ሆስፒታሉ ባዶ አልጋ ስላልነበረው ኪሩቤልንና ኦቦ ገመዳን ወለል ላይ፣ ፍራሽ ላይ፣ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ኪሩቤል መንጋጋው ታስሮ አይናገርም። የኦቦ ገመዳ ግራ ዓይን በፋሻ ተሸፍኗል፤ ዓይኑ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ለዱርሲቱ ነግሯታል።

«ስምሽን እየጠሩ ነው የመጡት» አላት አባቷ። «ዱርሲቱ አሳየችን እያሉ።»

«አዎ፣ አባ።»

«በሩ ላይ እንዳለሁ ታውቂ ነበር?»

በጄሶ የታሰረውን እጇን አየች። «አውቅ ነበር።»

በቀረችው ዓይኑ ጎኑ የተኛውን ልጅ ከራሱ እስከ እግሩ ተመለከተው። «ለዚህ ነው?»

«ሊገድሉት ነበር።»

ኪሩቤል እንባው በፋሻው ላይ ሲወርድ ፊቱን ማዞር አልቻለም።

«ውሃ ስጪኝ» አለ አባቷ በመጨረሻ።

የታሸገውን ውሃ በአንድ እጇ ከፍታ ወደ አፉ አስጠጋችው። እጇን ገፋ አድርጎ ጠርሙሱን ራሱ ያዘው። ውሃው አገጩ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። በሻሿ ልትጠርግለት ጎንበስ አለች።

«ተይው» አላት።