ጭቃ፣ ያረጀ፣ ደረጃ አራት

የከተማው ሰው ሁሉ ግብር ይቀነስልኝ ብሎ ማዘጋጃ ቤት ሲሰለፍ የኔ ባል ይጨመርብኝ ብሎ ተሰለፈ። ወላሂ እየቀለድኩ አይደለም። ጠሃ ይባላል፣ አናጺ ነው፤ በሰፈራችን በበቾ ቦሬ ውስጥ የሱ እጅ ያላረፈበት በር ብትፈልጉ ጥቂት ነው የምታገኙት። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ግትርነቱን ለምጄዋለሁ፤ እዚህ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በቀበሌ ስብሰባ ነው። ጅማ በፍጥነት አድጋለች፣ መንገድ ትፈልጋለች፣ መብራት ትፈልጋለች፣ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ትፈልጋለች፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው አሉን። ጎረቤቴ ብርሃንነሽ ተነስታ ወደ የቡ ከተማ በሚወስደው መንገድ የተተከለው ትልቁ የቡና ማበጠሪያ ስንት ነው የሚከፍለው ብላ ጠየቀች። እሱ ኢንቨስተር ስለሆነ የአምስት ዓመት የግብር እፎይታ ተሰጥቶታል፣ በምትኩ ለልጆቻችሁ ሥራ ይከፍታል ተባለ። እውነት ነው፣ የራሷ የብርሃንነሽ ሁለት ሴት ልጆች እዚያ ገብተዋል፤ እሱን አልክድም። ግን እፎይታ የሚለውን ቃል ስሰማ ብግን አልኩ። እኔስ መቼ ነው እፎይ ያልኩት? ብቻ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ለሁላችንም እንደ አዲስ ሊተመን ነው፣ ገማቾች ሜትር ይዘው ቤት ለቤት ይመጣሉ ተባልንና ተበተንን።

እኔ የፈራሁት ለቆርቆሮው ነው። መኝታ ቤታችን ያፈሳል። ያለፈውን ክረምት ሁለት ባልዲና አንድ ድስት አልጋው ዙሪያ ደርድረን ነው ያሳለፍነው፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለአዲስ ቆርቆሮ ብለን ሁለት ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ስናስቀምጥ ቆይተናል፣ ግብሩ ከበዛ ያ ሁሉ እዚያው ሊሄድ ነው። ቆርቆሮውን ቀድመን ብንቀይር ደግሞ ቤቱ አዲስ መስሎ ግምቱ ይሰቀላል። ስለዚህ ግምቱ ዝቅ እንዲል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ገማቹ የመጣው ጠሃ የጅማው መርካቶ ሚስማር ሊገዛ በወጣበት ሰዓት ነው፤ አላህ አመቻቸልኝ አልኩ። ናኦድ ይባላል፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ለካ፣ ጻፈ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና «ጥሩ ቤት ነው እኮ እማማ» አለኝ። ደነገጥኩ። ጥሩ ማለት ውድ ማለት ነዋ! ያኔ ነው ሸይጣን ሹክ ያለኝ። እስቲ ይህን ግፋልኝ አልኩትና ጠሃ ለሠርጋችን የሠራውን ከባድ ቁምሳጥን ተጋግዘን ገፋነው፤ ከጀርባው ያለውን ስንጥቅ አሳየሁት። ከወለሉ ተነስቶ ትከሻዬ ድረስ ይመጣል። በጎን አጎንብሼ ስጠርግ ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያንን ግድግዳ የመረግሁት እኔ ስለሆንኩ አፍሬ ነው። ናኦድ አየት አደረገና ቅጹ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው መልሰን ሄደ። የቁምሳጥኑ እግር ወለሉን ጭሮት ነበር፣ ምንጣፍ ጎተት አድርጌ ሸፈንኩት።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። እኔ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው አቀላጥፈዋለሁ፣ ወረቀቱ የተጻፈበትን ቁቤ ግን አላነብም፤ ያነበበልኝ ጠሃ ነው። የግድግዳ ዓይነት፣ ጭቃ። ሁኔታ፣ ያረጀ። ደረጃ፣ አራት። ከአራት በታች ደረጃ የለም፣ ክፍያውም ከሁሉ ያነሰ ነው። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን ያረጀ የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበባት፣ ምሳውንም ሳይበላ ወጣ።

በማግስቱ ኮቱን ለብሶ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ አስጻፈና ቅሬታ አስገባ። ምን እንዳደረገ የሰማሁት ከብርሃንነሽ ነው፤ እሷ እንዲቀነስላት ተሰልፋ ከፊቷ እሱ እንዲጨመርበት ቆሟል። ሰልፈኛው በሳቅ ሞተ አለችኝ። እኔ አልሳቅኩም። ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩትና አንተ ሰውዬ ጤና የለህም ወይ፣ ባልዲ ሥር እየተኛህ ማንን ልታስደንቅ ነው፣ ቆርቆሮውን በምን ልንገዛው ነው ብዬ ምራቄ እስኪደርቅ ተናገርኩት። ቀስ ብሎ ኮቱን ሰቀለ።

«ለፋብሪካው እፎይታ ሰጡት፣ ለኛ ደግሞ ሰደቃ» አለኝ። «እኔ ሰደቃ የሚቀበል ቤት አልሠራሁም።»

ማመልከቻው ላይ ምን አስጻፍክ ስለው ስለ ግድግዳው ነው ብሎኝ ወደ ጓሮ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሻዩን ያለ ስኳር ሰጠሁት። እሱም ስኳር አልጠየቀኝም፣ ፉት እያለ ጠጣው።

ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ቤቱን ሊያይ መጣ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሸዋረገጥ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው፣ ናኦድ ከኋላቸው ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ስቀመጥ ይጨመርብኝ የሚል ሰው አላየሁም፣ ቅጻችንም ለሱ ቦታ የለውም አሉ። ከዚያ ደንቡ ስለሆነ ማመልከቻውን ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት። በኦሮምኛ ነው፣ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚለው፦

«ጣሪያው ያፈሳል፣ እንዳሻችሁ ጻፉት። ግድግዳውን ግን ባለቤቴ ዙቤይዳ ናት የመረገችው። ያኔ ሙሽራ ነበረች። ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ በእጇ ለስና ጨረሰችው። ሠላሳ አራት ክረምት አልፎበት አንድ ስንጥቅ የለውም። ያረጀ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈቅድም።»

የምገባበት ጠፋኝ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡብኝ። ጠሃን አየሁት፣ እሱ በሩን ተደግፎ እግሩን ያያል። ያ ሦስት ቀን ስኳር ያልገባበት ሻይ ትዝ አለኝ። ከሁሉ ከሁሉ ግን አንድ ስንጥቅ የለውም የምትለዋ ነገር፣ ስንጥቁን በገዛ እጄ ገልጬ ያሳየሁ እኔ!

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወደ ናኦድ ዞረው ታዲያ ምን አይተህ ነው ያረጀ ያልከው ብለው ጠየቁት። ናኦድ ወደ ቁምሳጥኑ አላየም። እኔን ነው ያየኝ። ጠበቀኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ደረጃ አራት ይጸናል፣ ቆርቆሮውም ይገዛል።

«መስኮቱን ዘግቼው ነበር፣ ጨለማ ሆኖበት ነው» አልኩ። «ስንጥቅ የለውም።»

አስታግፊሩላህ። ግብር እንዲጨመርበት ብሎ የዋሸ ሰው በጅማ ከተማ ከኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ጭቃ ቤት በደንቡ ከደረጃ ሦስት በላይ አይወጣም አሉ፣ ጠሃም ሦስት ይበቃኛል አለ። ያረጀ የሚለውን ሰርዘው በመልካም ይዞታ ላይ ያለ ብለው ሲጽፉ አጠገባቸው ሄዶ ቆመ፣ ሁለቴም አስነበባቸው። እንደ እርስዎ ያለ መቶ ሰው ቢኖረን የዚህን ሰፈር መንገድ ጨርሰነው ነበር ብለውት ሳቁ። ናኦድ ጫማውን እያጠለቀ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ደህና ይሁኑ እማማ» አለኝ።

ጠሃ ለአሱር ሶላት መስጊድ ሄደ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ቆርቆሮው እንግዲህ ለከርሞ ነው፣ ባልዲዎቹም አሉ፣ አልሀምዱሊላህ። ስንጥቁ ግን አላስቀምጥ አለኝ። የለም ተብሎ በማኅተም የጸናን ስንጥቅ ጀርባው ላይ ይዞ የሚተኛ ሰው አለ? ጓሮ ወጥቼ ቀይ አፈር ቆፈርኩ፣ ውኃ አፈሰስኩበት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ መርገጥ ጀመርኩ። ጉልበቴ ጮኸ፣ እግሬ ግን ሥራውን አልረሳም። ደስ ብሎኝ ስረግጥ ቆይቼ ነው ጭድ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ለጊዜው ቁምሳጥኑን እንኳ ላንሳ ብዬ ገባሁና በትከሻዬ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም።

«ልግፋልሽ?» አለ ጠሃ ከኋላዬ።

መመለሱን አልሰማሁም። ከጀርባው ልጠርግ ነው አልኩት፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ። ወደ እግሬ አየ፣ ጭረቱን ወደሸፈንኩበት ምንጣፍ አየ። አልሳቀም።

«ጭዱ ጓሮ ነው፣ ከጣውላው ሥር» አለኝ። «ማመልከቻውን ያስጻፍኩ ዕለት ነው ያመጣሁት።»

ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ቁምሳጥኑን በወዲያኛው በኩል ያዘው።