የመርፌ ሾርባ

ሽቦ ጡረታ የወጣችው ከሥራዋ ነው እንጂ ከእግሯ አይደለም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ላልጠየቃትም ሰው ጭምር። ሆስፒታሉ ውስጥ ከስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጣ፣ የአንዱን ሞት የሌላውን መውለድ ስታቀብል ኖራ፣ አንድም መልእክት አሳስታ አታውቅም። ቀጭንና ውጥር ስለሆነች ሽቦ አሏት፤ ሽቦ ሆና ቀረች። አሁን ጠዋት ጠዋት ከጡረተኞቹ ጋር ሜዳውን ትዞራለች። የምትሄደው ከፊት ነው። ወደኋላ የቀረ ካለ ዞር ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ቀብር ነው እንዴ የምትሸኘው?» ትላለች።

ወዳጅ ግን አልበዛላትም። ምላሰኛ ሰው ሰሚ እንጂ ወዳጅ አያገኝም። አንዲት ብቻ ነበረቻት፤ የሷንም መልክ አይታ፣ ድምጿን ሰምታ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ገና ብርቅ ሳለ ነው። ለስልክ ክፍሉ አንድ ትልቅ ሣጥን የሚያህል ኮምፒውተር መጣ። ሽቦ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየነካካች፣ ሥራ ፈቶች ተሰብስበው በጽሑፍ የሚጫወቱበትን ክፍል አገኘች። እዚያ ማንም በስሙ አይገባም። አንዱ ጎማ ነው፣ አንዷ ጨረቃ፤ መርፌ ደግሞ በሌላ ከተማ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት። ያኔ የራሳችን ፊደል ማሽኑ ላይ አይገባም ነበርና ሰው ሁሉ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይጽፋል። አማርኛ በውሰት ልብስ። «ጠ» እና «ተ»፣ «መ» እና «ማ» አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው ይመጣሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያንባቢው ፈንታ ነው።

ሽቦን ባሏ ጥሏት የሄደ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ መርፌ የሾርባ አሠራር ጻፈችላት። «ሰው ትቶሽ ሲሄድ የሚበላ ነው» አለቻት። ድንች፣ ካሮት፣ የደረቀ ዳቦ ተቆራርሶ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ መታ መታ አድርጎ መጨመር። ሽቦ «መታ መታ» የሚለውን «ማታ ማታ» ብላ አነበበችው። ዓመት ሙሉ ለራት ስትሠራው ነጭ ሽንኩርት ስታገባ፣ ለምሳ ስትሠራው ስትተው ኖረች።

«ነጭ ሽንኩርት ቀን ቀን ምን ያደርገኛል ብለሽ ነው?» አለች መርፌ፣ ጉዱ ሲወጣ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የናንተ ሰፈር ሆድ እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነው።»

«የኔ ሽቦ፣ አንድ ቦታ ላይስ ተበጥሰሻል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ያንኑ ሾርባ ሠርተው፣ እዚህና እዚያ፣ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብለው አብረው ይበላሉ። የክፍሉ ሰው ተበተነ። ጎማ ሞተ፣ ጨረቃ አግብታ ጠፋች፣ ሌላው አዲስ ነገር ሲመጣ ወደዚያ ጎረፈ። ሁለቱ ቀሩ። ሣጥኑ በእጅ ስልክ ተተካ፣ የራሳችንም ፊደል ገባ፤ እነሱ ግን በዚያው በውሰት ልብሳቸው ቀጠሉ። ልማድ እከክ ነው፣ እያከኩት ይኖራሉ።

አንዴ ሽቦ «ልደውልልሽ» ብላት ነበር።

«ተይ» አለች መርፌ። «ድምፅሽን ከሰማሁ ሌላ ሴትዮ ትሆኚብኛለሽ። ያቺን ሴትዮ ደግሞ አላውቃትም።»

ሽቦም ዕድሜዋን ሙሉ ድምፅ የጠገበች ናትና ደስ አላት።

ኋላ መርፌ ክሯ ይተረተር ጀመር። «ነገ የማለዳ ፈረቃ ነኝ፣ በር ላይ እንዳልዘገይ ቶሎ ልተኛ» ትላለች። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። ሽቦ «ሂጂ እንግዲህ፣ ለኔም አንድ ቀሚስ ስፊልኝ» እያለች ታልፈዋለች። ከዚያ መርፌ ዝም አለች፤ ልጇ በእናቷ ስልክ ጻፈች።

«እትዬ ሽቦ፣ ልጇ ነኝ። እማዬ እህል እምቢ ካለች ሰነበተች፤ ሐኪሙም በዚህ ከቀጠለች አትተርፍም ብሏል። የቅዳሜው ሾርባ ብቻ ነው የምትለው፣ እኔ ደግሞ አሠራሩን አላውቅም። ከእርስዎ ሌላ የምትሰማው ሰው የለም።»

ሽቦ አሠራሩን ከነ «መታ መታ»ው ላከች። እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያቺ ሾርባ ሆዷ ከገባች መርፌ ትተርፋለች ብላ ቆርጣለች።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቱ «አሁን እየሰጠኋት ነው» አለች። ሽቦ ለሜዳው ጫማዋን እያሰረች ሳለ ሌላው መልእክት ደረሰ፤ እንደ ልማዱ በፈረንጅ ፊደል። «እማዬ ተፋች። ምን ላድርግ?»

ሽቦ ከፋት። እሷ ያዘዘችው ሾርባ ሊተፋ? ይቺ እጀ ቢስ ምን ብታበላሸው ነው? ሰዎቹ ደግሞ በር ላይ እየጠበቋት ነው። ቆማ ጻፈች፦ «ተያት። ሲርባት ራሷ ትመጣለች።»

«እሺ» አለች ልጅቱ።

ሽቦ ስልኩን ኪሷ ከታ ወጣች። ያን ቀን ሜዳውን ስትዞር የደረሰባት የለም።

በማግሥቱ ስልኩ ጮኸ። የመርፌ ቁጥር ነው፤ ጮኾ የማያውቅ ቁጥር።

«እትዬ ሽቦ?»

ሽቦ እንዲህ ያለውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ስታገናኘው ኖራለች። በእጇ ወንበር ፈለገች።

«ተናገሪ ልጄ።»

«እማዬን አገኘናት። የድሮው ፋብሪካዋ በር ላይ ተደግፋ። ሌሊት ብርዱ ጨርሷታል።»

«ማን አወጣት ከቤት?»

«ማን ያወጣታል፣ ራሷ ናት እንጂ። ሾርባውን አንጠፍጥፋ በላች። ‹አሁን ነፍሴ መጣች› ብላ ሳቀችልኝ። ሳህን አጥቤ ስመለስ የለችም። ወዲያው ጻፍኩልዎት እኮ።»

«ተፋች ነው ያልሽኝ።»

«ጠፋች ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

ሽቦ በመስመር ላይ ዝምታ ስትሰማ «ሃሎ» ማለት ሥራዋ ነበር፤ አላለችም።

«ሲርባት ራሷ ትመጣለች ሲሉኝ» አለች ልጅቱ፣ «እርስዎ ያውቋታል ብዬ ቁጭ አልኩ። እስኪመሽ ሾርባውን እያሞቅሁ ጠበቅኋት። ፋብሪካ እንደምትሄድ በምን ልወቅ?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ፋብሪካውን፣ የማለዳውን ፈረቃ፣ በር ላይ አለመዘግየቱን የምታውቀው ሽቦ ናት። ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ለሜዳው አልወጣችም። ሁሌ ወደኋላ የሚቀረው ሰውዬ በሯን አንኳኳ።

«ሽቦ፣ ዛሬ ማን ይስደበን?»

ጥቂት ቆሞ እግሩን እየጎተተ ሄደ።

ነጭ ሽንኩርቱን በብርጭቆ ቂጥ መታ መታ አደረገችው። ስልኩን እንደ ወትሮው ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፋ ፊቷ አቆመችው። ዳቦው ርሷል፣ ድንቹ በስሏል፣ ጨውም ልኩን ይዟል። ሾርባው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አደረገችና ተፋችው።