ሁለት ችካል

ወደ መርሳ ገበያ ከሚወስደው መንገዳችን በላይ ያለው ተራራ በክረምቱ ዝናብ ሲሰነጠቅ፣ ባሌ ኡበይደላ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተከለ። ጠዋት ጠዋት መካከሉን በስንዝር ይለካል። ሦስት ስንዝር የነበረው አምስት ሲሆን፣ ገበያ የሚወርደውን ሰው ሁሉ «በዚህ አትለፉ፣ በወንዙ ዙሩ!» እያለ ይመልስ ጀመር። ሰውም ሰማው። ጭቅጭቁ መቼ ያስቀምጣል!

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከስንጥቁ ዝቅ ብሎ ያለው መሬት ተንዶ፣ ከመንገዱ ዳር የሚኖረውን ጀብሪልን ከነቤቱ ዋጠው። ኡኡታው ሲሰማ መጀመሪያ አካፋ ያነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ባሌ።

በሩ ላይ ቆምኩበት። «ስንጥቁን ዛሬ ለክተሃል?»

«ሰባት ደርሷል።»

«ታዲያ የላይኛውም ሊወርድ ነዋ! አትለፉ ስትል የከረምከው አንተ አይደለህ?»

«ፈይሩዝ፣ ኡኡታ ሰምቶ የቀረን ሰው ነገ ማን ይቀብረዋል?» ብሎኝ ወጣ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ እዚያ ነበር፤ በዶማ፣ በአካፋ፣ በእጁ ይቆፍራል።

የቀትሩ የዙህር አዛን ሳይሰማ የላይኛው ወረደ።

እኔም ኡኡ አልኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ኡኡታ ሰምቶ የማይቀረው ወንድ ሁሉ ግን ከአፈሩ ስር ነበር።