የኢኖክ ግራ ጉንጭ

ክሌመንት ሃላም በስልሳ አራት ዓመቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ጥላ ነው። ሌላው ሰው በልጁ፣ በአትክልቱ፣ በኳስ ቡድኑ ሲኮራ እሱ ምስር በምታክል፣ ከእርሳስ ብረት በተሠራ የአሻንጉሊት ወታደር ፊት ላይ ጥላ በማሳረፍ ይኮራል። ከኖቲንግሃም ወጣ ብላ በምትገኘው የዳንቴል ሠሪዎች መንደር፣ በስቶንቤክ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚሰበሰቡ አሥራ አንድ ጎልማሶች አሉ። ጠረጴዛ ገጥመው፣ አረንጓዴ ጨርቅ አልብሰው፣ የጣት አንጓ የሚያክሉ ወታደሮች ያዋጋሉ። ሚስቶቻቸው ይስቁባቸዋል። ይሳቁ እንጂ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ወታደር ሁሉ የልብሱ ቁልፍ ሳይቀር ከመጽሐፍ ጋር ተመሳክሮ ነው የተቀባው።

የክሌመንት አሠራር የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቆዳውን ቀለም በስሱ ይቀባል። ሲደርቅ በአኳራጅ የቀጠነ ቡናማ ያፈስበታል፤ እነሱ እጣቢ ይሉታል። እጣቢው ራሱ መንገዱን ያውቃል፤ ዓይን ጉድጓድ፣ አፍንጫ ሥር፣ ቆብ ሥር ገብቶ ይተኛል። ከዚያ በአፍንጫውና በጉንጩ አጥንት ላይ ብርሃን ይጨምራል። ጥላና ብርሃን የት እንደተገናኙ ከታየ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የማኅበሩ ጸሐፊ ሮን ታግ ያመጣቸውን ሃያ አራት ፈረሰኞች፣ “ቀለሙ አብጧል፣ ጠርዙ ይታያል” ብሎ እስከ እርሳሱ አስፍቆታል።

ሮን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ምላሱ ግን ጡረታ አልወጣም። “አንተ ሰውዬ፣ እኛ ከሦስት ክንድ ርቀት ነው የምናየው። አፍንጫ እንዳላቸው ካወቅን ይበቃናል” ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 መጸው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ስልሳኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ማኅበሩ ለአንድ ጊዜ ላያዋጋ ተስማማ። ስማቸው በመንደሩ የሙታን መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ሠላሳ አንድ ሰዎች፣ በ1916 ሊዘምቱ ሲሉ በፋብሪካው ፊት ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። እንደዚያው አድርገው ሊያቆሟቸው ነው። ፊቶቹን ማን እንደሚቀባ ማንም አልጠየቀም።

መስከረም ላይ ሚስ አይቪ ፐርስግላቭ ክሌመንት ቤት መጣች። በሰልፉ የግራ ጫፍ ላይ የቆመው የኢኖክ እህት ናት፤ ሲዘምት አሥር ዓመቷ ነበር። ዕድሜዋን የፈጀችው በፋብሪካው የተበላሸ ዳንቴል እየጠገነች ነው፤ የተበጠሰ ክር የምታገኘው በዓይኗ ሳይሆን በጥፍሯ ነበር። ክሌመንት ያኔ ማሽን ዘይት የሚቀባ ጎረምሳ ሳለ፣ በዘይት እጁ ዳንቴል ነክቶ የሰማው ስድብ እስካሁን ጆሮው ውስጥ አለ።

“ሐኪሙ እስከ ገና ነው ያለኝ” አለች ዓይኗን እየጠቆመች። “ኢኖክን ሳልታወር እንዳየው ትደርስልኛለህ?”

“እቤት ፎቶ የለዎትም እንዴ?”

“አለ። እሱ ግን አይደለም።”

ክሌመንት ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቀም። መጠየቅ ነበረበት፤ ግን ሐሳቡ ቀድሞ ወደ ብሩሹ ሄዷል።

ፎቶውን በማጉሊያ መነጽር መረመረ። ፀሐይዋ በግራቸው ስለመጣች የሁሉም ቀኝ ጉንጭ ጠቁሯል። የኢኖክ ግን ግራውም ጠቁሯል፤ ከጆሮ ግንድ እስከ አገጭ። ክሌመንት ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይ የሠላሳ ሰው ግራ ጉንጭ አብርታ የአንዱን አትዘልም። ፎቶው ሲታጠብ የተበላሸ ነው አለ፣ አስተካከለውም። ግራውን አበራ፣ ቀኙን አጠቆረ። እንደዚያ ያማረ ፊት ሠርቶ አያውቅም።

ሚስ አይቪ በጥቅምት መጀመሪያ መጥታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። የራሷን ማጉሊያ ከቦርሳዋ አወጣች፣ ወታደሩን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ መልሳ አዞረችው። ክሌመንት ምስጋናውን ቆሞ ይጠብቃል።

“ይሄ ማነው?”

“ኢኖክ ነዋ፣ ሚስ አይቪ።”

“ፊቱን አጠብከው” አለች። ድምፅዋ አልከረረም፤ ቢከር ይሻለው ነበር። “እናቴም ፎቶ አንሺውን እንዲህ ነበር የምታስደርገው። ጉንጩ ላይ ያለው ከተወለደ ጀምሮ የነበረ ምልክት ነው፣ አንተ ልጅ። እንደ ቀይ ሥር የቀላ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ግራውን ወደ ግድግዳው አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። እኔ ከእናቴ ወዲህ ስለምቀመጥ አይታየኝም ነበር። ወታደር ቤት ግን በየት በኩል ቁም የሚለው አላገኘም። በግራው ለዓለም የታየው በዚያ ፎቶ ብቻ ነው።”

በሌላ አገር ማርያም ሳመችው ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነበር። ክሌመንት ግን ከእናትየው ጋር አብሮ ልጁን ወደ ግድግዳ ያዞረው መሰለውና አፈረ። ፊቱ እስኪግል አፈረ።

“እንደገና እሠራዋለሁ” አለ።

“ከደረስክ” አለች ሚስ አይቪ፣ ማጉሊያዋን እየከተተች።

በዚያው ዕለት ፊቱን እስከ እርሳሱ አራቆተው። የዘይት ቀለም ደግሞ ለማንም ጭንቀት አይቸኩልም፤ እያንዳንዱ እጅ ቀለም ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ሳይደርቅ ከደረቡበት ጭቃ ይሆናል። ክሌመንት ጠዋት ጠዋት ተነስቶ፣ ሳይነካው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ያየዋል። በሁለተኛው ሳምንት ሮን፣ ሚስ አይቪ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደረጃው አልታይ ብሏት መውደቋን ነገረው።

“ተጎዳች?”

“ጉልበቷ ተላጠ። ምን ብትል ጥሩ ነው? ‘ደረጃውን ማን አነሳው?’”

ክሌመንት አልሳቀም።

ክሌመንት ሙሉ ዕድሜውን ጥላ ሲያጠና፣ ጥላ ያልሆነን ነገር እንዴት እንደሚቀባ አልተማረም ነበር። ጥላ ወደ ብርሃኑ እየሳሳ ይጠፋል፤ ምልክት አይሳሳም። ባለበት ያበቃል፤ ፀሐይም ታርፍበታለች። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኖክን እንደ ጓደኞቹ ቀኙን አጠቆረው። ከዚያ በበራው ግራ ጉንጭ ላይ፣ ከጆሮ ግንድ እስከ አገጭ፣ ቀዩን አሳረፈ። ከፎቶው ላይ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ለካ፤ ከጆሮው ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ የምትገባበትን ቦታ እንኳ አልዘለለም። በማግስቱ በዚያው ላይ ደረበ። በማግስቱም ደረበ።

ሮን ማጉሊያውን አንስቶ አየና ፊቱ በራ። “አብጧል! ጌታዬ፣ ጠርዙ ይታያል። ሃያ አራት ፈረሰኞቼን ያስፋቅከኝ ሰው!”

“አውቄ ነው።”

“አንድ እጅ ቀለም ይሸፍነው ነበር እኮ።”

“አውቄ ነው አልኩህ፣ ሮን።”

ሮን አየው፤ ተወው። ሲፈልግ መተውም ያውቃል።

በኅዳር፣ በጦርነት የሞቱት በሚታሰቡበት እሑድ፣ አዳራሹ ሞላ። ሠላሳ አንዱ በጠረጴዛው ላይ፣ በትንሹ ከተሠራው የፋብሪካው ግድግዳ ፊት ተሰልፈዋል፤ ሰዎች አያቶቻቸውንና አጎቶቻቸውን በጣት እየጠቆሙ በለሆሳስ ያወራሉ። ሚስ አይቪ በጎረቤቷ ክንድ ተደግፋ ገባች። ክሌመንት መጀመሪያ ያየው እጇን ነው። ማጉሊያው የለም። “ማጉሊያዎስ?” አላት።

“ቤት ተውኩት” አለች፣ ድምፁን ስትሰማ። “ምን ያደርግልኛል? ሐኪሙ እስከ ገና ሲል ተሳስቷል።”

ክሌመንት ይቅርታ ሊል ነበር፤ ያ ሁሉ ቀን የጠፋው በእሱ ትዕቢት ነው። በይቅርታው ፈንታ ኢኖክን ከሰልፉ ጫፍ አነሳና መዳፏ ላይ አስቀመጠው።

ሚስ አይቪ ጓንቷን አወለቀች። ጥፍሯ ቆቡን አገኘ፣ ወደ አፍንጫው ወረደ። በቀኝ ጉንጩ ላይ ሳይደናቀፍ አለፈ። ወደ ግራው ሲመጣ ቆመ።

ሰው ከኋላ ይጋፋል፤ እሷ አልቸኮለችም። የተበጠሰ ክር እንደምትፈልግ ጠርዙን ይዛ ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች።

“ከጆሮው ሥር ትገባለች” አለች።

“አዎ፣ እዚያ ጋ ትገባለች።”

“እናቴ ጥርሷን ነክሳ ነበር እዚያ ጋ የፊት ዱቄት የምትቀባው። እዚያ ጋ አይይዝም ነበር።” እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። “እሱ ነው።”

ክሌመንት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ወታደሩን ገና አልሰጠችውም።

“ግድግዳው በየት በኩል ነው?”

“ከኋላቸው ነው፣ ሚስ አይቪ።”

“በግራውስ?”

“በግራው ማንም የለም። ክፍት ነው። ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚገባው።”

“እንግዲያው እጄን ምራኝና እኔ ላቁመው” አለች።