የደጅ ዳቦ

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ! ሰልስት እንኳ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል?» አለ የእድሩ ሊቀ መንበር ፍሥሐ፣ በሩን በትከሻው ዘግቶ።

እትዬ ውባለም ሁለት ድፎ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። ልጃቸው ፅጌረዳ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። አሜሪካ፣ ዋይትሆል ከተማ ያለው አፓርታማቸው በሰው፣ ኩሽናው በምግብ ተጨናንቋል። ጠዋት አንዷ ጎረቤት ሙሉ ትሪ ቀይ ወጥ ቆሻሻ ውስጥ ስትገለብጥ በዓይናቸው አይተዋል። ከሶፋው ያስነሳቸው ይኸው ነው።

«ተቀምጬ ምን ላድርግ? ስትበሉ ልይ? ይሄን ለተራበ ልሰጥ ነው።»

«ለዝክሩማ አርባው አለ።»

«የተራበ ሰው እስከ አርባው ይጠብቀኛል?»

ፅጌረዳ ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ውላ ማታ ኮሌጅ ትማር ነበር። የምትማረው ነርስነት ቢሆን ደግ፤ የዛሬ ስድስት ሰባት መቶ ዓመት የእንግሊዝ አገር ገበሬ ምን በልቶ፣ እንዴት ተጋብቶ፣ እንዴት እንደተቀበረ ነው እንጂ።

«ንጉሦቹን እንኳ አይደለም! የሞተ ፈረንጅ ገበሬ ምን ያደርግልሻል?» ይሏት ነበር።

«እማዬ፣ እነሱም እኮ እድር ነበራቸው። አባላቸው ሲሞት ይቀብራሉ። ከቀብር የቀረ አባል ሰም ይቀጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን ሻማ የሚሆን።»

«ፍሥሐ እንዳይሰማሽ! ነገ ሻማ አምጡ ይለናል።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ስቀው ነበር።

አሁን ከሶፋው ጥግ ብርነሽ የምትባል ጎረቤት አጠገቧ ላለችው ታንሾካሹካለች። «ያ ሁሉ የሙታን መጽሐፍ ነው እኮ ሞትን የጠራባት።»

«ብርነሽ! ካንሰር መጽሐፍ አያነብም» አሉ እትዬ ውባለም፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ፀጉሯ ባለቀበት ሰሞን ነው ፅጌረዳ ስለ ዳቦው የነገረቻቸው። ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ መጽሐፉ ጭኗ ላይ።

«እነዚያ ገበሬዎች ሰው ሲሞት ደጅ ላይ ለድሃ ዳቦ ያድላሉ፤ ድሃው ደግሞ ለሟቹ ነፍስ ይጸልያል። የድሃ ጸሎት ነፍስን ከመከራ ያወጣል ብለው ያምኑ ነበር።»

«ይሄማ የእኛው ነው!» አሉ ኮራ ብለው፣ እንግሊዝ ከጓሯቸው የሰረቀ ይመስል።

«የእኛማ ነበር። እዚህ ግን ለቅሶ ቤት የሚበላው መኪና ያለው ነው። እኔ ስሞት፣ የማያውቀኝ የተራበ ሰው ስሜን ይጥራልኝ፣ እሺ እማዬ?»

«አፍሽን!» ብለው በጥፊ ሊሏት እጃቸውን አነሱ። ያ እጅ ጉንጯ ላይ ሲያርፍ ግን ዳሰሳት።

«ሐምራዊት፣ መኪናሽን አስነሺ» አሏት አሁን የፅጌረዳን ልጅ።

«እማማ፣ አር ዩ ሹር? ሰው ምን ይላል?»

«አፉ ሙሉ ነው፤ ምን ይላል?»

ፍሥሐ ከበሩ አልተነቃነቀም። «ነውር ነው እትዬ! የለቅሶ ምግብ መንገድ ላይ ይታደላል? ያመጣው ሰው ይቀየማል።»

«ልጄን የቀበርኩ እኔ ነኝ። የተቀየመ እዚሁ ይቆየኝ፣ ስመለስ እታረቀዋለሁ። ዞር በል!»

ዞር አለ።

ብሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። እትዬ ውባለም አጠገቡ ቁጭ አሉና ከዳቦው ገምሰው ሰጡት።

«ስሟን ንገሪው። ይጸልይላት በይው።»

ሐምራዊት በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ሰውዬው እትዬ ውባለምን ትክ ብሎ አያቸው፤ ኮፍያውን አወለቀ። ስሟን ሊጠራ ሞክሮ፣ አፉ ውስጥ አልገባ ብሎት ሁለቴ ተሰናከለ።

«እንደገና በይው» አሉ። «በስሟ ቀልድ የለም።»

በሦስተኛው ቀና አለለት። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ነገር አጉተመተመ። እትዬ ውባለም ከዚያ ሁሉ የገባቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፅጌረዳ። ከንፈራቸውን ነክሰው «አሜን» አሉ።

ሰውዬው ዳቦውን ተስገብግቦ ጎረሰ። ፍርፋሪው ጢሙ ላይ ቀረ። እትዬ ውባለም የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው፣ እንደ ሕፃን አፍ፣ ቀስ ብለው ጠረጉለት።