ከደረቁ ወንዝ የመጣ ደወል

በጅግጅጋ ዳርቻ ባለው ትምህርት ቤት ወላጆች ለስብሰባ የሚጠሩት፣ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ እየተደወለ ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ዛፉንም ቸርኬውንም ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ የኋላሸት አባላቱን በስልክ ይጠሩ ጀመር። ከወንዙ ማዶ በመጠለያ የሰፈሩትን ተፈናቃይ ወላጆች ግን የሚጠራቸው አልነበረም።

አንድ የበጋ ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ አጀንዳው ወደ ወንዙ ድልድይ የሚያወጣውን የትምህርት ቤቱን የኋላ በር በግንብ ስለ መዝጋት ነበር። በሩ ከተዘጋ የመጠለያው ልጆች በክረምት ጎርፍ የሚወርድበትን ወንዝ በእግራቸው ማቋረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ለድምፅ እጅ ሊወጣ ሲል የአዳራሹ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ረቢዓ የተባሉ የመጠለያው እናት፣ ከኋላቸውም ሌሎች እናቶች ቆመው ታዩ።

«እናንተን ደግሞ ማን ጠራችሁ? ሰርግ መሰላችሁ?» አሉ ነጋዴው አቶ አድማሱ።

«ደወሉ ነው የጠራን» አሉ ወይዘሮ ረቢዓ። «ከጠዋት ጀምሮ እየተደወለ ነው።»

«የትኛው ደወል? ጎርፍ የበላው?»

«እሱው ነው። ከወንዙ ውስጥ ይጣራል።»

አቶ አድማሱ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን አልወጣም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ወንዙም አሸዋ ብቻ። ከዚያ አሸዋ ሥር ብረት በብረት ሲመታ ሁሉም ሰሙ። ድምፁም እየቀረበ መጣ።

አቶ የኋላሸት ተነሥተው ወንበራቸውን ለወይዘሮ ረቢዓ አቀረቡ።

«ይቀመጡ፣ እመቤቴ። ያለ እናንተ አንወስንም። ስለ በሩ ይናገሩ።»

ወይዘሮ ረቢዓ ተቀመጡ። መናገር ሲጀምሩ ደወሉ ጸጥ አለ።