የገብረመድኅን ረጅም ጥያቄ

ገብረመድኅን ሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን እጁ ይተሳሰራል። እስከ ዓርብ ድረስ ቀደም ብለው የተሠሩ ዐሥር ጥናቶች ካላመጣ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉ ርዕስ ይቀየርበታል። አማካሪው ቁርጡን ነግሮታል። ዛሬ ሐሙስ ነው። አቦከር ሰፈር ካለው ቤቱ በእግሩ መጥቶ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ቢገባም እስከ ቀትር ያገኘው ዜሮ ብቻ ነው።

ርዕሱን ማንም አልመረጠለትም። ባለቤቱ የሺ ከሞተች አምስት ወሯ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ሐረር ተዛውረው በመጡ በሰባተኛው ሳምንት፣ እድር እንኳ ሳይገቡ አረፈች። ቀብሯ ላይ የቆሙት ቄሱና አራት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ፈረስ መጋላ አደባባይ ብቻውን በልቶ ቤቱ ይገባና ሬዲዮ ይከፍታል። ሐዘን በሰው ነው የሚረሳው፤ እሱ ግን ሰው የለውም። ሰው መጠየቅ ሲያቅተው ነገሩን ጥናት አደረገው።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሀናን ከኋላው ቆማ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ የጻፈውን አነበበች፦ «በሐረር ከተማ የአንድ ሰው ባለቤት ስትሞትበት ጎረቤቶቹ ምን ያደርጉለታል?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ ነው» አለች ሳቅ ብላ። «ማሽኑ ወሬ አይወድም ወላሂ። ዋና ዋናዎቹን ቃላት ብቻ ይስጡት።»

ወንበር ስባ ትርፉን አጠፋችው። «ሐዘን»፣ «ጎረቤት»፣ «ሐረር»፣ «ባለቤት» ቀሩ። አሁንም ዜሮ። «ጎረቤት»ን አንስታ «አፎቻ» ብላ ጻፈች።

«እኛ ለሠርግም ለለቅሶም የምንሰባሰብበት ማኅበር ነው። ጥናቱ የሚገኘው በዚህ ስም ነው፣ አብሽሩ።»

ሁለት መጣ።

«ቃል ባበዙ ቁጥር የሚመጣው ያንሳል። ‹ባለቤት› የሚለውን ያውጡት።»

ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። «እሱስ ባይወጣ?»

«ምን ይሠራልዎታል? ነገ ነው ብለውኝ የለም?»

አጠፋው። ሠላሳ አንድ ጥናት ተዘረገፈ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ያጠፋው ቃል የነበረበትን ባዶ ቦታ ያይ ነበር።

ሀናን ተነሥታ መንገድ ከጀመረች በኋላ መለስ አለች። «ጋሼ፣ ያ ረጅም ጥያቄ የጥናቱ ነው ወይስ የራስዎ?»

«የጥናቱ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«እሺ» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። እሱም እየመረጠ ማውረድ ጀመረ፤ ርዕሱ ተርፎለታል። ሦስተኛው ጥናት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። በእነዚህ አምስት ወራት ስለ ራሱ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ዋሻት።